እጁ አንደበት የሆነለት መምህር፤ የሎራን ክሌር ታሪክ

በአማርኛ ቋንቋ ጆሮው የማይሰማ ሰው ከጥንት ጀምሮ ደንቆሮ ሲባል ኖሯል። ትምህርት ያልገባው፣ ማስተዋልም የጐደለው ሰው በዚያው ቃል ደንቆሮ ይባላል። ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ ስም መጠራቱ የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ በእንግሊዝኛም ቋንቋ ዲዳውና ሞኙ በአንድ ቃል ይጠሩ ነበር። ይህ ስም የረዥም ዘመን ስሕተት ምስክር ነው። ጆሮ የልብ በር ነው፤ በሩ የተዘጋበት ሰው ልቡም ባዶ ቤት ነው ተብሎ ይታሰብ ነበርና። በዚህም ምክንያት በየአገሩ ስንት ሕፃናት ፊደል ሳይቈጥሩ፣ የፈጣሪያቸውንም ስም ሳያውቁ፣ በገዛ ቤታቸው እንደ እንግዳ ኖረው አለፉ።

ነገር ግን በቅዱስ ወንጌል ሉቃስ በመጀመሪያው ምዕራፍ የተጻፈውን የሚያስተውል ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። ካህኑ ዘካርያስ አንደበቱ በተዘጋ ጊዜ ዘመዶቹ የሕፃኑን ስም በምልክት ጠየቁት፤ እርሱም ሰሌዳ ለምኖ ጻፈ። አባት የመጥምቁን የዮሐንስን ስም ለሰዎች ያጸናው በምልክት ተጠይቆ በጽሕፈት እንጂ በአንደበት አልነበረም። እጅ መናገር፣ ዓይንም መስማት እንደሚችል መጽሐፉ አስቀድሞ አሳይቶ ነበር፤ ሰው ግን ይህን ለማስተዋል ብዙ ዘመን ፈጀበት። ከዚህ በታች ታሪኩ የሚነገረው ሎራን ክሌር የተባለው ፈረንሳዊ ያንን የቆየ ስሕተት በክርክር ብቻ ሳይሆን በገዛ ኑሮው ያፈረሰ ሰው ነው። ዘመኑ ሁሉ የተቈጠረው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ሎራን ክሌር በ1785 ዓመት ዲሴምበር 26 ቀን፣ ከሊዮን ከተማ በስተምሥራቅ በምትገኝ ላ ባልም በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የውል ጸሐፊ ነበረ፤ የመንደሩም ሹም ሆኖ ብዙ ዓመት አገልግሏል። ሕፃኑ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ጥቂት ጊዜ ብቻውን በወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ተንሸራቶ ከምድጃው እሳት ላይ ወደቀ። ቀኝ ጉንጩ ተቃጠለ፤ ጠባሳውም እስከ ዕለተ ሞቱ አልጠፋም። ወላጆቹ ልጃቸው መስማትና ማሽተት ያጣው ከዚያ አደጋ በኋላ በያዘው ትኵሳት እንደ ሆነ አመኑ፤ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ የማይሰማ ሆኖ ተወልዶ እንደ ሆነ ግን ማንም ሊያረጋግጥ አልቻለም።

ሰባት ዓመት ሲሆነው እናቱ ወደ ሊዮን ወስዳ ለአንድ ሐኪም አሳየችው። ሐኪሙ እፈውሰዋለሁ ብሎ ጆሮው ውስጥ በየቀኑ ሁለት ጊዜ መድኃኒት እየጨመረ ሁለት ሳምንት ያህል አስታመመው፤ ነገር ግን ምንም አልረባውም። ልጁም ወደ መንደሩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሥራው የእናቱን ላሞችና የቱርክ ዶሮዎች ወደ መስክ ማሰማራት፣ የአባቱንም ፈረስ ወደ ውሃ መንዳት ሆነ። እኩዮቹ ፊደል ሲቈጥሩ እርሱ ከከብት ጋራ ይውል ነበር። የሰው ልጅ አእምሮ ከእርሱ ጋራ እንደ ነበረ ያወቀ ግን አልነበረም።

ክሌር 12 ዓመት በሆነው ጊዜ፣ በ1797 ዓመት፣ ስሙን ያወረሰው አጎቱ ወደ ፓሪስ ወሰደው። በዚያ ከተማ የማይሰሙ ልጆች የሚማሩበት ቤት ነበረ። የዚህም ቤት መሥራች አባ ደ ሌፔ የተባሉ ካህን ነበሩ። ታሪካቸው እንዲህ ይነገራል። አንድ ቀን ወደ አንዲት ድኻ ሴት ቤት ገብተው ሁለት ልጃገረዶች ሲሰፉ አገኟቸው። ቢያናግሯቸው አልመለሱም፤ ቢደግሙላቸውም ቀና ብለው አላዩም። እናታቸው ስትመጣ ሁለቱም እንደማይሰሙ፣ አስቀድሞም አንድ ካህን በሥዕል እያስተማራቸው ሳለ እንደ ሞተባቸው እያለቀሰች ነገረቻቸው። አባ ደ ሌፔም እነዚህ ነፍሳት ሃይማኖታቸውን ሳያውቁ እንዳይሞቱ ብለው ትምህርታቸውን ራሳቸው ተቀበሉ። ይህ የሆነው በ1760 ዓመት ገደማ ነው።

የአባ ደ ሌፔ ትልቁ ማስተዋል ይህ ነው፤ የማይሰሙ ሰዎች እርስ በርሳቸው በእጅ ምልክት ሲነጋገሩ አይተው፣ ይህ ከንቱ መወራጨት ሳይሆን ትምህርት ሊገባበት የሚችል መንገድ እንደ ሆነ ተረዱ። መምህሩ አስቀድሞ የተማሪውን ቋንቋ መማር ይገባዋል ብለው ከልጆቹ ምልክትን ተማሩ፤ ከዚያም የፈረንሳይን ሰዋስው በምልክት አስተማሩ። ከተማሪዎቻቸው ዋጋ አልተቀበሉም፤ ጥበባቸውንም አልሸሸጉም፤ ሊማር የመጣውን መምህር ሁሉ ያስተምሩት ነበር። በ1789 ዓመት በሞቱ ጊዜ አባ ሲካር በእግራቸው ተተኩ።

አባ ሲካር ዣን ማሲዩ የሚባል የማይሰማ ደቀ መዝሙር ነበራቸው። ማሲዩ ስድስት የማይሰሙ ልጆች ካሉበት ከድኻ ቤት የተወለደ፣ በልጅነቱም በግ ጠባቂ የነበረ ሰው ነው። በ1792 ዓመት በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ አባ ሲካር በታሰሩ ጊዜ፣ ይህ ማሲዩ በሕግ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ መምህሩ እንዲፈቱለት በጽሑፍ ለመነ። ምንም እንኳ ወዲያው ባይፈቱ፣ በዚያ ዘመን ብዙዎች ካህናት ሲታረዱ አባ ሲካር ከሞት አመለጡ። ከብት ጠባቂው ክሌር ወደ ፓሪስ በመጣ ጊዜ የተሰጠው ለዚህ ለበግ ጠባቂው ለማሲዩ ነበር። የመጀመሪያ መምህሩ እንደ እርሱ የማይሰማ ሰው መሆኑ ለዕድሜ ልኩ ትምህርት ሆነው፤ የማይሰማ ሰው ተማሪ ብቻ ሳይሆን መምህርም ሊሆን እንደሚችል ከቃል በፊት በዓይኑ አየ።

በዚያም ቤት ባልንጀሮቹ ስም አወጡለት። በማይሰሙ ሰዎች ዘንድ ስም የሚወጣው በምልክት ነው፤ የክሌርም ስም ሁለት ጣቶችን ቀኝ ጉንጭ ላይ አድርጎ ወደ ታች መዳበስ ሆነ። በሕፃንነቱ የተቃጠለበት ጠባሳ መጠሪያው ሆነ ማለት ነው። ይህንን ምልክት በአሜሪካ ያሉ የማይሰሙ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ ሲያነሡት ያስታውሱታል።

በትምህርት ቤቱ መናገርን የሚያስተምር አንድ ሌላ መምህር ነበረ። ክሌርም አንዳንድ ድምፅ ማውጣት ተማረ፤ ነገር ግን «ዳ»ን ከ«ታ»፣ «ዶ»ን ከ«ቶ» መለየት አቃተው። የማይሰማውን ድምፅ በምን ይለየው? አንድ ቀን መምህሩ ተቈጥቶ አገጩን በቡጢ መታው፤ ልጁም ምላሱን ነክሶ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአፉ ለመናገር ዳግመኛ አልሞከረም። ኋላ ታላቅ መምህር በሆነ ጊዜ ይህን ነገር ራሱ ተርኮታል። መምህር ሁሉ ይህን ቢያስብ መልካም ነው፤ አንድ ጊዜ በቍጣ የተሰነዘረ እጅ የአንድን ልጅ አፍ ለዘላለም ዘጋ፤ በትዕግሥት የተዘረጋ እጅ ግን የዚያኑ ልጅ ልቡናውን ከፈተ።

ክሌር ፈረንሳይኛን አጥንቶ ጻፈ፤ ሥዕል ተማረ፤ በትምህርት ቤቱ ማተሚያ ቤትም ፊደል መደርደር ለመደ። ገና 20 ዓመት ገደማ ሳለ ረዳት መምህር ሆነ፤ ጥቂት ቆይቶም ከፍተኛውን ክፍል ያስተምር ጀመር። በ1815 ዓመት አባ ሲካር ማሲዩንና ክሌርን ይዘው ወደ ለንደን ሄዱና በመኳንንትና በሊቃውንት ፊት ጉባኤ አደረጉ። ተመልካቾች ጥያቄ ይጽፋሉ፤ ሁለቱ የማይሰሙ መምህራን በሰሌዳ ይመልሳሉ። አንድ ጊዜ የማይሰሙ ሰዎች ራሳቸውን እንደ ምስኪን ይቈጥራሉን ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ፣ ክሌር ከመጀመሪያው ያልነበረው ሰው የጠፋበት ነገር የለም፤ ያልጠፋበትም ሰው የሚያዝንበት ነገር የለውም የሚል መልስ ሰጠ።

በዚያው በለንደን የሆነ አንድ ነገር ከጉባኤው ሁሉ ይልቅ ይበልጣል። ክሌር በከተማው ያለውን የማይሰሙ ልጆች ትምህርት ቤት ሊጐበኝ ሄደና ልጆቹ ለምሳ ተሰብስበው አገኛቸው። ወዲያው ፊቱ በራ፤ በምልክትም ያነጋግራቸው ጀመር። ልጆቹም በድንጋጤና በደስታ መለሱለት። አገራቸው ሌላ፣ የአገራቸውም ምልክት ከፈረንሳዩ የተለየ ነበር፤ ነገር ግን በዓይን የሚሰማ ሰው ዘመዱን አያጣምና፣ በባዕድ ከተማ የተገናኙ የአንድ መንደር ልጆች መሰሉ።

በዚያ ጊዜ ቶማስ ጋሎዴት የሚባል አሜሪካዊ የወንጌል አገልጋይ በለንደን ነበረ። የመጣውም በሃርትፎርድ ከተማ ስለምትኖር አሊስ ኮግስዌል ስለምትባል ሕፃን ምክንያት ነው። አሊስ በሕፃንነቷ በበሽታ ምክንያት መስማት አጥታ ነበር። አባቷ ሐኪም ነበሩ፤ በአገራቸው ለእንደዚህ ያሉ ልጆች የሚሆን ትምህርት ቤት ባለመኖሩ፣ የከተማውን ሰዎች አስተባብረው ገንዘብ አሰባሰቡና ጋሎዴት ጥበቡን ከአውሮጳ ተምሮ እንዲመጣ ላኩት። በብሪታንያ ግን ጥበቡን የያዙት ሰዎች እንደ ቤተ ሰብ ርስት ሸሽገውት ነበርና፣ ብዙ ዓመት አገልግል፣ ምስጢሩንም አታውጣ ብለው በከባድ ውል ሊያስሩት ፈለጉ። ጋሎዴት በዚህ ሲያዝን ሳለ የአባ ሲካርን ጉባኤ አየ። እነዚያ ምስጢሩን ሲዘጉበት፣ የፓሪሱ ካህን በሩን ከፈቱለት። የአባ ደ ሌፔ ልግስና ከሞታቸው 26 ዓመት በኋላ ፍሬ አፈራ።

ጋሎዴት በ1816 ዓመት ወደ ፓሪስ ሄዶ ጥቂት ወራት ተማረ፤ ከመምህራኑም አንዱ ክሌር ነበረ። ነገር ግን ጊዜው አጭር፣ ጥበቡም ሰፊ ሆነበት። ስለዚህ ክሌርን አብረኸኝ ወደ አሜሪካ ሂድ ብሎ ለመነው። ክሌር 30 ዓመት ሆኖት ነበር፤ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ውቅያኖሱንም ተሻግሮ አያውቅም። አባ ሲካር በመጨረሻ ፈቀዱለት። ወደ ላ ባልም ሄዶ እናቱን በተሰናበተ ጊዜ እርሷ እንዳይሄድ አጥብቃ ለመነችው፤ በኋላ ግን እያዘነች ለቀቀችው። የተዋዋለው ለሦስት ዓመት ነበር። በውሉም ውስጥ የሚያስተምረው ትምህርት ሰዋስው፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊ፣ የብሉይ ኪዳንና የሐዲስ ኪዳን ታሪክ እንደ ሆነ ተጻፈ፤ ከሚያምነው ከካቶሊክ ሃይማኖት ተቃራኒ የሆነ ነገር እንዲያስተምር እንዳይገደድም ተወሰነ። ወደ ባዕድ አገር ሲሄድ ሃይማኖቱን አስቀድሞ በውል ማስጠበቁ የሚያስመሰግን ነው።

ሁለቱ ሰዎች በጁን 18 ቀን ከለ አቭር ወደብ በመርከብ ተነሡ፤ 52 ቀን በባሕር ላይ ቈይተው ኦገስት 9 ቀን ኒው ዮርክ ደረሱ። ያ 52 ቀን በከንቱ አላለፈም። ክሌር ለጋሎዴት ምልክትን ያስተምራል፤ ጋሎዴት ለክሌር እንግሊዝኛን ያስተምራል፤ ክሌር በየቀኑ የሆነውን በእንግሊዝኛ ይጽፍና ባልንጀራው ያርምለታል። የሚሰማውና የማይሰማው ሰው በአንድ መርከብ ላይ እርስ በርስ መምህርም ደቀ መዝሙርም ሆኑ። ሃርትፎርድ ከደረሱም በኋላ ክሌር ትንሺቱን አሊስን አገኘ። ስለ እርሷ ሲባል ባሕር የተሻገረላት ልጅ፣ ከሩቅ አገር መጥቶ እንደ እርሷ በእጁ የሚናገር ሰው ፊቷ ቆሞ አየች።

ከዚያም ወራት ሙሉ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ገንዘብ ለመኑ። ክሌር ንግግሩን በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ጋሎዴት ለሕዝቡ ያነብለታል። የኮኔቲከት ምክር ቤት 5,000 ዶላር ሰጠ፤ ከየከተማውም ሰዎች እንደ ችሎታቸው ጨመሩ። በ1817 ዓመት ኤፕሪል 15 ቀን ትምህርት ቤቱ በሃርትፎርድ በ7 ተማሪዎች ተከፈተ፤ በአሜሪካም ጸንቶ የኖረ የመጀመሪያው የማይሰሙ ሰዎች ትምህርት ቤት ይህ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ጋሎዴት ከትንቢተ ኢሳይያስ 35ኛ ምዕራፍ፣ የደንቆሮች ጆሮ እንደሚከፈት ከሚናገረው ቃል ተነሥቶ ሰበከ።

ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መካከል ጆን ብሩስተር የሚባል የታወቀ የሰው መልክ ሠዓሊ ነበረ። ዕድሜው 51 ዓመት ሆኖ ሳለ ሥራውን ትቶ ከሕፃናት ጋራ ተቀምጦ ተማረ። የብዙ ቤት ጌቶችን መልክ በብሩሹ ሲያስቀር የኖረ ሰው፣ በልቡ ያለውን ለሌላ ሰው የሚገልጥበት ሙሉ ቋንቋ ያገኘው ያን ጊዜ ነው። የብሩስተር መምጣት ከሁሉ ይልቅ የክሌርን ሥራ ዋጋ ያሳያል፤ ለዚህ ሰው የጐደለው ጥበብ ወይም እንጀራ አልነበረም፤ የሚነጋገረው ማኅበር ነበር እንጂ።

ክሌር ቀን ቀን ተማሪዎቹን፣ ከክፍል ውጭ ደግሞ ሊማሩ የመጡትን የሚሰሙ መምህራን ያስተምር ነበር። ትምህርቱ መጽሐፍና ሰሌዳ ብቻ አልነበረም፤ ታሪክ በመንገር ጭምር ነበር። በምልክት ታሪክ መንገር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ተራኪው በፊቱ ባለው ባዶ አየር ላይ ሀገር ይሠራል፤ ንጉሡን በቀኝ፣ ባሪያውን በግራ ያቆማል፤ ትከሻውን ወደ ቀኝ ሲያዞር ንጉሥ፣ ወደ ግራ ሲመልስ ባሪያ ይሆናል። ድምፅ ከፍና ዝቅ እንደሚል፣ የእጁ እርምጃ ይፈጥናል፣ ይዘገያልም፤ ቍጣው በቅንድብ፣ ሐዘኑ በዓይን ይነበባል። የዮሴፍና የወንድሞቹ ታሪክ እንዲህ ባለ እጅ ሲነገር የሚያይ ልጅ፣ መጽሐፉን ከማንበቡ አስቀድሞ ታሪኩን በልቡ ይይዘዋል። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ መጽሐፍ እንደ ሆነለት፣ የክሌርም እጅ ለተማሪዎቹ እንደዚያ ነበር።

የራሱንም ኑሮ ለሌሎች ተርኳል፤ የሕይወት ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ጽፎ በ1852 ዓመት ስለ ጋሎዴት መታሰቢያ በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ወጥቷል። ከምድጃው እሳት፣ ከሊዮኑ ሐኪም፣ ከቱርክ ዶሮዎቹ ጀምሮ ያለው ነገር የታወቀው እርሱ ስለ ተናገረው ነው። የአባ ደ ሌፔና የሁለቱ እኅትማማች ታሪክም እንዲሁ በማይሰሙ ሰዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እስከ ዛሬ ይነገራል። ሕዝብ ሁሉ አባቶቹን የሚያውቀው በተረከለት ታሪክ ነውና፣ ክሌር ለወገኖቹ ፊደል ብቻ ሳይሆን የትውልድ ሐረግም ሰጣቸው።

በ1818 ዓመት ክሌር ወደ ዋሽንግተን ሄዶ በምክር ቤቱ ከአፈ ጉባኤው ከሄንሪ ክሌይ አጠገብ ተቀመጠ፤ ከፕሬዚዳንቱ ከጄምስ ሞንሮም ጋራ ተገናኘ። በሚቀጥለው ዓመት የአገሩ ምክር ቤት ለትምህርት ቤቱ 23,000 ኤከር ያህል መሬት ሰጠ። በዚያው በ1818 ዓመት ለኮኔቲከት ሹማምንት በጻፈው ንግግር ውስጥ፣ ለምን የማይሰሙ ሰዎች ተፈጠሩ ለሚሉት መልስ ሰጠ። ምድር ተራራና ሜዳ፣ ዛፎችም ልዩ ልዩ እንደ ሆኑ፣ በሰውም መካከል መለያየት አለ፤ የእግዚአብሔር ሥራ ሁሉ መልካም ነው፤ በዓይናችን ጐዶሎ መስሎ ቢታይ ልንነቅፈው አይገባንም የሚል ነው። ይህን የተናገረው ሰው በአገጩ ላይ በቡጢ የተመታው ያ ልጅ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ክሌር በ1819 ዓመት ከተማሪዎቹ አንዷ የነበረችውን ኤሊዛ ቦርድማንን አገባ፤ እርሷም የማይሰማ ጆሮ ነበራት። ሁለት የማይሰሙ ሰዎች ተጋብተው ቤት ማቆማቸውን ብዙዎች ይሠጉበት ነበር፤ ልጆቻቸው ግን የሚሰሙ ሆነው ተወለዱ፤ ከእነርሱም አንዱ ኋላ ካህን ሆነ። በ1822 ዓመት ቻርልስ ፒል የሚባል ሠዓሊ እናቲቱንና ኤሊዛቤት የምትባለውን ሕፃን በሣለ ጊዜ፣ እናቲቱ በእጇ የልጇን ስም የመጀመሪያ ፊደል እያሳየች ተሥላለች። ሥዕሉም እስካሁን አለ፤ በቀለም ላይ የተናገረ እጅ ነው።

ሦስት ዓመት የነበረው ውል ዕድሜ ልክ ሆነ። ክሌር ፈረንሳይን ሦስት ጊዜ ብቻ ተመልሶ አየ። ከሃርትፎርድ የወጡ መምህራን በሌሎችም ግዛቶች ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ እርሱም በ1821 እና በ1822 ዓመት የፊላደልፊያውን ትምህርት ቤት ለጥቂት ጊዜ መራ። ማርታስ ቪንያርድ ከምትባል ደሴት የመጡ ልጆች የደሴታቸውን ምልክት ይዘው መጡ፤ ሌሎችም ከየቤታቸው ያመጡትን ጨመሩ፤ ይህ ሁሉ ከፓሪሱ ምልክት ጋራ ተዋሕዶ የዛሬው የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ሆነ። በ1850 ዓመት የቀድሞ ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ በሃርትፎርድ ተሰብስበው፣ ለጋሎዴትና ለክሌር የብር ማንቈርቈሪያና ሳሕን በስጦታ አበረከቱ። ገንዘቡን ያወጡት የሚሰሙ ባለጸጎች ሳይሆኑ፣ ሠርተው የሚበሉ የማይሰሙ ሰዎች ነበሩ። ከዚህ የበለጠ የትምህርት ምስክር አይገኝም።

ጋሎዴት በ1851 ዓመት ሞተ። ክሌር 41 ዓመት አስተምሮ በ1858 ዓመት ከሥራው አረፈ። በ1864 ዓመት ፕሬዚዳንት ሊንከን የፈረሙበት የማይሰሙ ሰዎች ኮሌጅ በዋሽንግተን ሲመረቅ፣ ሽማግሌው ክሌር በዚያ ቆሞ ንግግር አደረገ። ከብት ጠባቂ የነበረው ልጅ የማይሰሙ ሰዎች ከፍተኛ ትምህርት ሲጀምሩ በዓይኑ አየ። ጁላይ 18 ቀን 1869 ዓመት በ83 ዓመት ዕድሜው በሃርትፎርድ ዐረፈ።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ሐሰት ይሆን ነበር። በ1880 ዓመት በኢጣልያ አገር በሚላኖ ከተማ የመምህራን ጉባኤ ተደርጎ፣ የማይሰሙ ልጆች በአፍ ንግግር ብቻ እንዲማሩ፣ ምልክትም ከትምህርት ቤት እንዲወጣ ተፈረደ። ከ164ቱ ጉባኤተኞች የማይሰማው ሰው አንድ ብቻ ነበረ። የማይሰሙ መምህራን በየአገሩ ከሥራቸው ተባረሩ፤ ክሌር በተማረበት በፓሪሱ ቤት እንኳ ምልክት ተከለከለ። ልጆች እጃቸው እየታሰረ ወይም እየተመታ ድምፅ እንዲያወጡ ተገደዱ፤ በክሌር አገጭ ላይ የወረደው ቡጢ ሕግ ሆነ ማለት ነው። ቋንቋው ግን አልሞተም፤ መምህራን ባልነበሩበት ጊዜ ልጆች በመኝታ ቤታቸው፣ ሽማግሎች በማኅበራቸው ታሪካቸውን በእጃቸው ይነጋገሩ ነበር። በ1960 ዓመት ዊልያም ስቶኪ የሚባል ምሁር በዚያው በዋሽንግተኑ ኮሌጅ ሆኖ፣ ምልክት ሙሉ ሰዋስው ያለው ቋንቋ እንደ ሆነ በጽሑፍ አስረዳ። በ2010 ዓመት ደግሞ በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ የተሰበሰበው የዚያው ጉባኤ ተተኪ የሚላኖውን ውሳኔ ውድቅ አድርጎ ስለ ደረሰው ጉዳት ማዘኑን ገለጸ። 130 ዓመት ሙሉ እጆች ሲጠብቁ ኖሩ።

ክሌር ወደ አሜሪካ የወሰደው ዘር ባሕርን ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያም ደርሷል። በ1960ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ ሚስዮናውያን ለማይሰሙ ልጆች ትምህርት ቤት በከፈቱ ጊዜ የአሜሪካን ምልክት አመጡ፤ ይህም ኢትዮጵያውያን የማይሰሙ ሰዎች ከራሳቸው ከነበራቸው ምልክት ጋራ ተዋሕዶ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ሆነ። ለአማርኛ ፊደልም የእጅ ፊደል ተሠራ፤ ፊደሉ በእጅ ቅርጽ ይታወቃል፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ሀ ሁ ሂ ሃ በዓይን የሚነበብበት ዘመን መጣ። በ2008 ዓመትም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀመረ።

ከቅዳሴ ሰዓት ከሕዝቡ መካከል ቆሞ የካህኑን አፍ የሚያይ፣ ደወሉ ሲደወል የማይሰማ፣ ሰው ሲሰግድ አይቶ የሚሰግድ ልጅ በብዙ ደብር አለ። አንዳንዱ እናት ስለ ልጇ አፍራ ከቤት ትደብቀዋለች፤ አንዳንዱም ጐረቤት በዚያ በቆየው ስም ይጠራዋል። የክሌር ታሪክ ለእንዲህ ያለው ልጅና ለጐረቤቱ የሚለው ነገር አለ። አባ ደ ሌፔ ወደ አንዲት ድኻ ቤት በገቡ ጊዜ መልስ ያልሰጡ ልጆችን አይተው ተቈጥተው ቢወጡ ኖሮ፣ ፓሪስም ሃርትፎርድም አይኖሩም ነበር። ቈዩ፤ ጠየቁ፤ ከልጆቹም ተማሩ። ከዚያ የመጣው ፍሬ ማሲዩ፣ ከማሲዩም ክሌር፣ ከክሌርም በየአገሩ ያሉ መምህራን ሆኑ። ስለዚህ ደንቆሮ የሚለው ስም የሚገባው ለማን እንደ ሆነ ይመርመር፤ በእጁ ለሚናገረው ልጅ ወይስ ያ እጅ ሲናገር እያየ ለማያስተውለው ሰው?